ስልሳ ጆንያ ፉርሽካና አምስት ዜሮ

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ከቤቴ ማዶ ካለው ሱቅ ደጅ አንድ የጭነት መኪና ቆሞ ፉርሽካ ያራግፍ ነበር። የፉርሽካ ሽታ እንዲህ ነው ተብሎ የሚወራለት አይደለም፤ ደረቅ ነው፣ ትንሽ ጎምዘዝ ይላል፣ አፍንጫ ውስጥ ሲገባ ያስነጥሳል። በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ አንዴ አስነጠስኩ፣ ሁለቴ አስነጠስኩ፣ በሦስተኛው ሳቄ መጣ። ጎረቤቴ አጥር ለአጥር አይታኝ “እትዬ አስካለ፣ ምን ሆነው ነው ብቻዎን የሚስቁት?” አለችኝ። አንዲት ላም ትዝ ብላኝ ነው አልኳት። ላሟ የኔ አልነበረችም። ሦስት ቀን ሙሉ ከወረቀት ላይ ያጠፋኋት ግን እኔ ነኝ።

ዓመቱን አልናገርም፤ ዓመት የምትቆጥር ሴት ዕድሜዋንም አብራ ትቆጥራለችና። ዘመኑን በዋጋ ብነግራችሁ ይሻላል። ሻይ በሃምሳ ሳንቲም ይጠጣ ነበር፣ ብርጭቆው ውስጥ ስኳሩ እስከ ወገቡ ድረስ ነው። ከተማችን ነገሌ ያን ጊዜ የምትለብሰው በሞያሌ በኩል የሚገባውን ሰልባጅ ነበር፤ እኔ ከአንድ ግራጫ ጉርድ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ የማላውቀው አገር የአውቶቡስ ትኬት አግኝቼ ለብዙ ጊዜ መጽሐፍ ውስጥ አስቀምጬው ነበር። መናኸሪያው አጠገብ ያለው ካሴት ቤት ከጠዋት ጀምሮ አንድ ካሴት ብቻ ያጫውታል። ወደ ቀትር ባትሪው ሲደክም የዘፋኙ ድምፅ እየወፈረ፣ እየተጎተተ ይሄዳል፤ እኛ የነገሌ ልጆች ያ ሰው ጠዋት ጎረምሳ፣ ቀትር ላይ ሽማግሌ ሆኖ የሚዘፍን ይመስለን ነበር። በጦር ሰፈሩ መንገድ ጥግ ላይ የወታደር ሚስቶች ተደርድረው ይነግዳሉ። አንዷ የጎጃም ናት፣ አንዷ የወላይታ፣ አንዷ የሐረር፤ ሁሉም በየራሳቸው አማርኛ ይጣላሉ፣ በኦሮምኛ ይታረቃሉ። ዛሬ እዚያ ጥግ ላይ የሞባይል ካርድ የሚሸጥበት ሰማያዊ ኮንቴይነር ቆሟል፤ የሚጣላም የለም፣ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ያያል።

እኔ ከሰሜን የመጣ አስተማሪ ልጅ ነኝ፣ ተወልጄ ያደግኩት ግን ነገሌ ነው። የምሠራው የከብት ጉዳይ በሚመለከት አንድ ትንሽ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ውስጥ ነበር። የመጀመሪያው ኮምፒዩተራችን የመጣው በአውቶቡስ ጣራ ላይ ነው፣ በሁለት ፍራሽና በአንድ በታሰረ በግ መካከል። በጉ መንገድ ላይ በካርቶኑ ላይ ያደረገው ነገር ስለነበረ ወይዘሮ ብርቄ፣ የጽዳት ሠራተኛችን፣ ካርቶኑን በሳሙና አጥበው ፀሐይ ላይ አሰጡት። ለኮምፒዩተሩም ነጭ ዳንቴል ሠርተው አለበሱት። ክፍሉ ውስጥ የምንገባው ጫማ አውልቀን ነው፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ድረስ በካልሲ ቆመን እንጠብቃለን። ሐዋሳ ሄጄ ሁለት ሳምንት ስፕሬድሺት የሚባለውን የሰንጠረዥ ፕሮግራም የተማርኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ በከተማው ስሜ ተለውጦ “ማሽኑን የምታናግረው” ተባልኩ። እውነቱን ለመናገር ማሽኑ ነበር የሚያናግረኝ፤ እኔ የሚለውን ሁሉ እሺ እል ነበር።

አለቃችን አቶ ጌትነት ከእኔ የባሱ ነበሩ። ፕሪንተሩ መንጫጨት ሲጀምር ከወንበራቸው ይነሳሉ፤ ወረቀቱ ወጥቶ እስኪያልቅ አይቀመጡም። “ኮምፒዩተር ዘመድ የለውም፣ አይሳሳትም” ይሉ ነበር። በዚህ የማይስማማ አንድ ሰው ነበር፣ የመጋዘን ኃላፊው ሃምሳ አለቃ ወርቁ። ሃምሳ አለቃ በወታደርነት ዘመናቸው ቀለብ ያከፋፍሉ የነበሩ፣ ጦሩ ሲበተን እዚሁ ነገሌ አግብተው የቀሩ ሰው ናቸው። ጆሯቸው ላይ የማትነሳ አጭር እርሳስ አለች። ወረቀት ሲሰጧቸው መጀመሪያ የሚያዩት ድምሩን ነው፣ ከዚያ እንደገና ራሳቸው ይደምሩታል።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ሁለቴ ቀጠሮውን አፈረሰ። ሣር የሚባል ነገር ጠፋ፣ ላሞቹ የጎድን አጥንታቸው ከሩቅ ይታይ ጀመር። ከከተማው ወጣ ብሎ ላለ አንድ ቀበሌ፣ ለሚታለቡ ላሞች ብቻ፣ ስልሳ ጆንያ ፉርሽካ መጣ። እንግዲህ ላሞቹን ቆጥሪ ተባልኩ። ችግሩ እዚያ አገር ከብትን በቁጥር መጥራት ደግ አለመሆኑ ነው፤ ቁጥር የተጠራበት ከብት ይጎድላል ይባላል። ስንት ላም አላችሁ ስላቸው “አሉ” ይሉኛል። ብዙ ናቸው? “ጥቂት ናቸው።” ጥቂት ስንት ነው? “እንደ ፈቃዱ።” እንዲህ ስንባባል ግማሽ ቀን ሄደ። በመጨረሻ አባ ሊበን የሚባሉ የመንደሩ ሽማግሌ አዘኑልኝና “ኢንተላ፣ ላሟን አትጠይቂ፣ እጅሽን ዘርጊ” አሉኝ። ኢንተላ ማለት ልጄ፣ አንቺ ልጅ እንደማለት ነው። እጄን ዘረጋሁ። እያንዳንዱ አባወራ እየመጣ በላሞቹ ልክ ጠጠር ያስቀምጥልኝ ጀመር። ጠጠር መቁጠር ነውር የለውም።

አዴ ዳርሚ፣ እትዬ ዳርሚ እንደማለት ነው፣ የመጣችው ገና ከመጀመሪያዎቹ ጋር ነው። ባሏ የሞተባት፣ ቀጭን፣ ረጅም ሴት ናት። አንዲት ቀላ ያለች ጠጠር ይዛ ነበር። ከመስጠቷ በፊት በቀሚሷ ጫፍ ጠረገቻት፣ ከዚያ መዳፌ ላይ አኖረችና ጣቶቼን በሁለት እጇ ከደነቻቸው። “ይቺው ናት” አለች። ልጆቿ የሚጠጡት ከዚያች ላም ብቻ ነበር፤ ይህንንም ያለችኝ እሷ አይደለችም፣ ሌሎቹ ሴቶች ናቸው። የሃምሳ አራት ቤተሰብ ጠጠር በየወረቀቱ ጠቅልዬ በእጅ ቦርሳዬ ይዤ ስመለስ የቦርሳዬ ማንገቻ ተበጥሶ ቀረ።

ጠጠሩ መቶ ሃምሳ ሆነ። ስልሳ ጆንያ ለመቶ ሃምሳ ላም ሲካፈል ለአንዷ ላም ነጥብ አራት ጆንያ ይደርሳታል፣ ማለት የጆንያው ከአሥር አራት እጅ። ስም አንድ ዓምድ፣ የላም ብዛት አንድ ዓምድ፣ በነጥብ አራት ተባዝቶ ሦስተኛ ዓምድ፣ ከታች ድምር። ማሽኑ ቁጥሩን ሁሉ ባንዴ ሲሞላልኝ በደስታ ወይዘሮ ብርቄን ጠርቼ አሳየኋቸው። አቶ ጌትነትም መጡ፣ አዩና ፊታቸው ጨፈገገ። ዜሮ ነጥብ ስምንት፣ አንድ ነጥብ ስድስት፣ አንድ ነጥብ ሁለት። “ይሄ ሁሉ ነጥብ ምንድን ነው? ዝንብ አርፎበታል ወይ?” አሉ። ደግሞስ ነጥብ ስምንት ጆንያ እንዴት ተደርጎ ይሰጣል? መጋዘኑ በር ላይ “በመጋዘን ውስጥ ጆንያ መፍታት ፈጽሞ የተከለከለ ነው” የሚል ማስታወቂያ በእሳቸው ፊርማ ተለጥፏል። የተፈታ ጆንያ አይጥም ይበላዋል፣ ሰውም ይበላዋል።

ሐዋሳ ከተማርኩት ሁሉ የምወዳት አንዲት ምልክት ነበረች፤ ስትነካ ከነጥቡ በኋላ ያለውን ጥርግ አድርጋ ታጠፋለች። ነካኋት። ነጥብ ስምንት የነበረው አንድ ሆነ፣ አንድ ነጥብ ስድስት የነበረው ሁለት ሆነ፣ አንድ ነጥብ ሁለት የነበረው አንድ ሆነ። ድምሩ ስልሳ። የመጣውም ስልሳ። አቶ ጌትነት “እንዲህ ነው እንጂ!” አሉና ፕሪንተሩ እስኪጨርስ ቆሙ። እኔም ያንን የጠራ ወረቀት እያየሁ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ነጥብ አራት የነበሩት ምን እንደሆኑ አላየሁም።

ሃምሳ አለቃ ወረቀቱን ይዘው መጋዘን ገቡ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እርሳሷን በጣታቸው እያሽከረከሩ መጡ። “ልጄ፣ ይህ ስልሳ ሦስት ነው” አሉ። ስልሳ ነው አልኳቸው። ስልሳ ሦስት ነው። አቶ ጌትነት ተጠሩ፣ ማሽኑ እንደገና ደመረ፣ ስልሳ አለ። ሃምሳ አለቃ እንደገና ደመሩ፣ ስልሳ ሦስት አሉ። አቶ ጌትነት የእርሳስ ዘመን አልፏል አሉ፤ ሃምሳ አለቃ በዚህች እርሳስ አንድ ሻለቃ ጦር ጦም ሳያድር ኖሯል አሉ። ወይዘሮ ብርቄ መሐል ገብተው ምናልባት ሙቀት ይሆናል፣ ማሽኑ ይረፍ አሉ፣ ጠበልም ይረጭ ሲሉ ኤሌክትሪክ ነው ብለን ከለከልናቸው። ማሽኑ አንድ ቀን አረፈ። ዳንቴሉን ገልጠን በካርቶን አራገብንለት። በማግስቱ ተነስቶ ስልሳ አለ።

ነገሩ ከተማውን ለሁለት ከፈለው። ሻይ ቤቱ ውስጥ የእርሳስ ወገንና የኮምፒዩተር ወገን ተፈጠረ። የወታደር ሚስቶች በሙሉ ከእርሳስ ጋር ቆሙ፣ አስተማሪዎቹ ከኮምፒዩተር ጋር። የገዛ አባቴ ብቻ ወረቀቱን ማታ ተቀበለኝና በቀይ እስክሪብቶ ደመረው፤ ስልሳ ሦስት መጣበት፣ ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ። እኔ እልክ ይዞኝ ነበር። በሦስቱ ቀን ክርክር ማንኛችንም ከላይ ወደ ታች ስንደምር ስሞቹን አላነበብንም። ላሞቹ ግን ክርክራችንን አይበሉም፤ በየቀኑ ፉርሽካውን ይጠብቁ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት አቶ ጌትነት ፉርሽካው ይታደል ብለው በጽሑፍ አዘዙ፤ የጎደለ ጊዜ እናያለን አሉ። ጆንያዎቹ መንደሩ አጠገብ ካለው ግራር ሥር ተራገፉ፣ ሰዉም አህያውን ይዞ ተሰበሰበ። አካም፣ ናጋ ብለን ሰላምታ ተለዋወጥን። ሃምሳ አለቃ መነጽራቸውን አድርገው ስም መጥራት ጀመሩ። የመጀመሪያው ሰው አንድ ጆንያ ወሰደ፣ ሁለተኛው ሁለት። ሦስተኛው ስም የአዴ ዳርሚ ነበር። አህያዋን ከጎረቤት ተውሳ፣ ገመዷን አዘጋጅታ ወደፊት ወጣች። ሃምሳ አለቃ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አቀረቡ፣ አራቁት፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

“ዜሮ” አሉ ቀስ ብለው።

አዴ ዳርሚ አማርኛዋ ትንሽ ነው፣ ዜሮን ግን ታውቃለች። ወደ ሃምሳ አለቃ አላየችም፣ ወደ እኔ ነው ያየችው። “ጠጠሬን ሰጥቼሻለሁ” አለችኝ። አልተቆጣችም። ምናልባት ከቦርሳዬ ወድቃ እንደሆነ የምትጠይቅ ዓይነት ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጠጠሯን በሁለት እጇ ሰጥታኝ ዜሮ መለስኩላት። ወረቀቱን ነጥቄ ወደ ታች ሮጥኩበት፤ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ባለ አንድ ላም የሆኑት አምስቱም ሴቶች፣ በጣም የቸገራቸው አምስቱ፣ ዜሮ ሆነዋል። ነጥብ አራት ሲጠጋጋ ወደ ታች ነው የሚወርደው።

ሃምሳ አለቃ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብለው “ሦስቱ ጆንያ የት እንደሄደ ገባሽ?” አሉኝ። ገባኝ። ባለ ሁለት ላሙ ነጥብ ስምንት ሲገባው አንድ ተጽፎለታል፣ ባለ አራት ላሙም አንድ ነጥብ ስድስት ሲገባው ሁለት። ማሽኑ ከታች የደመረው ሆዱ ውስጥ የያዘውን እውነተኛውን ነጥብ ነው፤ ሃምሳ አለቃ የደመሩት እኔ ቀባብቼ ያሳየሁትን ነው። ማሽኑም አልተሳሳተም፣ እርሳሷም አልተሳሳተችም። አንድ የቀረ ሰው ነበር፣ እሱም ዳንቴሉን ገልጦ ማሽኑ ፊት የሚቀመጠው ነው።

አባ ሊበን ዱላቸውን ተደግፈው መጡ። “ማል ጄዳ? ወረቀቱ ምን ይላል?” አሉኝ። እኔም ነጥብ አራትን ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ ጆንያው አሥር ቦታ ቢከፈል፣ ከዚያ አራቱ። ራሳቸውን ነቀነቁ። አሥር ቦታ የተከፈለ ጆንያ አይተው አያውቁም። “አንድ ሙሉ ጆንያ ለስንት ላም ነው?” አሉኝ። ለሁለት ተኩል አልኳቸው። ተኩል የሆነች ላምም አያውቁም። ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ፣ አምስቱን ጣት።

“ሁለት ጆንያ ቢሆንስ?”

“አምስት ላም” አልኩ።

“ሐርከ ቶኮ” አሉ። አንድ እጅ ማለታቸው ነው። “በቃ። አንድ እጅ ላም፣ ሁለት ጆንያ። ነጥብሽን ወደ ቦርሳሽ መልሺው።”

ከዚያ ሁሉም እንደገና ጠጠር እንዲያነሳ አዘዙ። መጀመሪያ የጠሩት አምስቱን ዜሮዎች ነው። አዴ ዳርሚ፣ አንዲት በጣም ያረጁ እናት፣ ሁለት እህትማማቾችና አንዲት አዲስ ሙሽራ ግራሩ ሥር ክብ ሠርተው ተቀመጡ፣ አንድ አንድ ጠጠራቸውን መሐል አኖሩ። አባ ሊበን በዱላቸው ነካ ነካ አደረጓቸው፣ አንድ እጅ ሞላ። ሁለት ጆንያ መጥቶ መሐላቸው ዱብ ሲል የተነሳው አቧራ ሁላችንንም አስነጠሰን። ሃምሳ አለቃ ወረቀታቸው ላይ አምስቱን ዜሮ በቅንፍ አያይዘው ጎኑ ላይ “2” ብለው ጻፉ። ለረጅም ጊዜ አዩት። “በወታደር ቤት እንዲህ ብጽፍ እታሰር ነበር” አሉና ፈረሙበት።

ሴቶቹ ወዲያው ገመዱን ፈተው በጣሳ መስፈር ጀመሩ። አቶ ጌትነት ከመኪናው ወርደው ጆንያ አይፈታም ሊሉ ሲመጡ አባ ሊበን መንገድ ላይ ጠበቋቸው፣ ትከሻቸውን ይዘው፣ ያ ሕግ የመጋዘን ነው፣ ይህ ደግሞ ግራር ነው አሏቸው። አቶ ጌትነት ግራሩን ወደ ላይ አዩት። ስለ ግራር የተለጠፈ ማስታወቂያ አልነበረም።

የቀረው ሥራ ሠርግ ይመስል ነበር። ሦስት ጠጠር የያዘ ሁለት የያዘ ጎረቤቱን ይፈልጋል፣ ሁለት የያዘው ደግሞ ሌላ ሰው ቀድሞት አብሮት ቆሟል፤ አንዱ አንዱን በእጁ ይጎትታል። አምስት ያላቸው ብቻቸውን ኮራ ብለው ቆሙ። አራት የያዙት አንድ ጠጠር ፍለጋ ግራሩን ሲዞሩ ቆዩ፤ ባለ አንዶቹ ግን አስቀድመው አልቀዋል፣ በጠዋት የማይፈለጉት በቀትር ተፈላጊ ሆነዋል። ኋላ ሁለት ባለ አራቶች አንድ ባለ ሁለት ይዘው ሲመጡ አባ ሊበን ሁለት እጃቸውን አነሱላቸው፣ አራት ጆንያ። እንዲህ እያለ ሠላሳ እጅ ሞላ። የመጨረሻው እጅ የመጨረሻዎቹን ሁለት ጆንያዎች ሲጭን ጆንያዎቹ በነበሩበት ቦታ ላይ መጥረጊያና ሃምሳ አለቃ ብቻ ቀሩ። ስልሳ ነበር፣ ስልሳ ወጣ። ሃምሳ አለቃ እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ መለሱና በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየኋቸው።

ከዚያ በኋላ ይህን ሥራ ሃያ ዓመት ሠራሁ። ያቤሎም ቡሌ ሆራም እየሄድኩ ወጣቶች አሠልጥኛለሁ፤ ማሳየት ሌላ፣ መያዝ ሌላ እያልኩ። ለሰው እጅ የሚሰጥ ቁጥር ከሆነ በየመስመሩ በትክክል አጠጋጉትና ያንኑ የተጠጋጋውን ደምሩ፤ ድምሩ ካለው ካልገጠመ አስቀድማችሁ እወቁት። ካልሆነ ደግሞ መጀመሪያ ሰብስቡ፣ አባዙ፣ ማጠጋጋቱን ለመጨረሻ ተዉት። ከሁሉም በፊት ግን ዜሮ የሆነውን ስም አንብቡ። ልጆቹ ይጽፉታል፣ ይፈተኑበታል፣ ይረሱታል። አባ ሊበንን ግን አይረሱም፤ ከሁለት ዓመት በፊት አንዱን መንገድ ላይ አግኝቼው አምስት ጣቱን ዘርግቶ ሰላም አለኝ።

ዝናቡ መጥቶ ሣሩ ካገገመ በኋላ አዴ ዳርሚ አንድ ቀን ቢሮ መጣች። ጮጮ ሙሉ ወተት ይዛለች፤ ላሟ ወልዳለች። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባችና ወንበር ስሰጣት አልቀመጥም አለች፣ የመጣችበት ጉዳይ ሌላ ነው። ያን ዜሮ አሳዪኝ አለችኝ። እንዴት እምቢ ይባላል? ጄኔሬተሩ ተነሳ፣ ዳንቴሉ ተገለጠ፣ ያ ሰንጠረዥ ተከፈተ። ስሟን በጣቴ አሳየኋት፣ ከስሟ ጎን አንድ፣ ከአንዱ ጎን ዜሮ። ጎንበስ ብላ አየችው። እኔም የዚያችን ምልክት ተቃራኒ ነካሁት፤ ያጠፋችውን የምታመጣውን። ዜሮው በዓይኗ ፊት ዜሮ ነጥብ አራት ሆነ።

አዴ ዳርሚ ወደ መስታወቱ ጠጋ አለች።

“ላሜ ናት?”

“ላምሽ ናት።”

“ያን ቀንም እዚሁ ነበረች?”

“እዚሁ ነበረች።”

“ታዲያ ለምን ደበቅሻት?”

ብዙ የተማርኩ ሰው ነበርኩ፣ ሰርቲፊኬቴ ከራሴ በላይ ተሰቅሏል። “ወረቀቱ እንዲያምር ብዬ ነው” አልኳት።

ጮጮውን ጠረጴዛው ላይ፣ ከዳንቴሉ አጠገብ አስቀመጠችው። ከዚያ ሰርቲፊኬቴን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደ ልጇ አገጬን ያዝ አድርጋ “ጠጪ” አለችኝ።